ለየጨረቃው የሚገጥም ቀለህ

ጋሼ ከተኩስ ሜዳ ሲመለሱ በቀለም ባልዲ ቀለህ ይዘው ነው የሚመጡት። ባልዲውን ከጓሮው በር ውጭ ያስቀምጡትና እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ። እኔ የቀለሁን መንኳኳት ከሰማሁ ጀምሮ መቀመጥ ያቅተኛል። ያልተለቀመ ምስር፣ ጥንዱ የጠፋ ካልሲ፣ የተደባለቀ ብሎን ቤት ውስጥ ካለ መጽሐፍ ብከፍት እንኳ ያንኑ መስመር ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ይህ ጠባዬ እንጀራ ሆኖኛል፤ ሰው ግን አስቀይሞብኛል። የምጽፈውም ስላስቀየምኩት ሰው ነው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። በዐሥራ ስምንት ዓመት ይበልጡኛል፤ አባታችን ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። ኦክላንድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ከሃያ ዓመት በላይ ሰው ከኤርፖርት ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። በወጡ በዓመቱ ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ አረፉ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ዝም አሉ። ሲጠይቋቸው ይመልሳሉ፤ ካልጠየቋቸው ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ እደውላለሁ።

"ምሳ በሉ?"

"በላሁ።"

"ወጣ አሉ?"

"እወጣለሁ።"

ማታ ስገባ ምሳው እንደተከደነ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ።

ከቤት ያወጣቸው ከማዶ የሚኖር ጡረተኛ ፖስተኛ ነው። ሽማግሌዎች የሚበዙበት የተኩስ ክለብ አባል ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብለው፣ ኮረብታ ሥር፣ ሰዓት እየተያዘላቸው የብረት ሳህን መትተው ይጥላሉ። አንድ ቀን "ዝም ብለህ ና፣ እይ" ብሎ ወሰዳቸው። ጋሼ አይተው መጡ። በሦስተኛው ወር የራሳቸውን ሪቮልቨር ሽጉጥ ገዙ። እኔ ሐዘን ባለበት ቤት መሣሪያ አልወድም። የሚቆለፍበትን የካዝና ቁልፍ ስጡኝ አልኳቸው፤ ለምን ሳይሉ ሰጡኝ፣ እኔም ምክንያቱን አልተናገርኩም። ግን ያን ቅዳሜ ብለው ጢማቸውን ይላጩ ጀመር። ቁርስ ላይ ስለ ንፋስ፣ ስለ ጣታቸው፣ ስለ መነጽራቸው ያወሩኛል። ቁልፉን በወር አንዴ ከቦርሳዬ አውጥቼ የምሰጣቸው ሳልወድ ነው፤ ባልሰጣቸው ደግሞ የሚሆነውን አውቀዋለሁ።

አሁን ስለ ቀለሁ ልናገር። ሽጉጡ ስድስት ጥይት ይጎርሳል። ጥይቶቹን አንድ በአንድ ከመክተት ስድስቱን በአንዲት ስስ የብረት ቅጠል ላይ ሰክተው ባንዴ ያጎርሱታል። ቅጠሏ ክብ ናት፤ ዙሪያዋን ስድስት አፍ አላት። ፈረንጆቹ ሙን ክሊፕ ይሏታል፣ ጋሼ ደግሞ ጨረቃ። ከእያንዳንዱ ቀለህ ቂጥ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚዞር ቦይ አለ፤ የጨረቃዋ አፍ የሚነክሰው እሱን ነው። ጣጣው የሚመጣው ቦዩ እኩል ስላልተቀረጸ፣ ጨረቃዎቹም እኩል ውፍረት ስለሌላቸው ነው። ቦዩ ከሰፋ ጥይቱ ይወዛወዛል፤ ሲያጎርሱት ስድስቱም በየአቅጣጫው ያፈነግጣሉ። ከጠበበ ደግሞ በግድ ሲሰኩት ጨረቃዋ ትጎብጣለች። የጎበጠች ጨረቃ ከሽጉጡ አካል ጋር ትታሽና ጥይት የያዘው ሲሊንደር አልዞር ይላል። ስለዚህ የትኛው ቀለህ ለየትኛዋ ጨረቃ እንደሚስማማ አስቀድሞ መለየት አለበት። የተተኮሰውን ቀለህ ጋራዡ ውስጥ በማሽን መልሶ ባሩድና እርሳስ የሚሞላው ፖስተኛው ነው። መለየቱ የጋሼ ድርሻ ነበር።

የጋሼ አለያየት እንዲህ ነው። ቀለሁን ጨረቃዋ ላይ ሰክተው ወደ ጆሯቸው ያስጠጉና ይነቀንቃሉ። የሚያቃጭለውን "ለፍላፊ" ይሉታል። አልገባም የሚለውን "እልኸኛ" ይሉታል። ገብቶ ዝም የሚለው "ልከኛ" ነው። ይህን ሲያደርጉ ሳያቸው ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ሰው በጆሮው ብረት ይለካል?

አንድ ቅዳሜ ሲሊንደራቸው ተያዘ። ሰው ፊት ቆመው ሲታገሉ ከኋላ አንድ ጎልማሳ "ሰር፣ አውቶማቲክ ቢገዙ አይሻልም?" ብሎ ሳቀ። ቤት ሲገቡ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ "በቃኝ" አሉኝ።

"ምኑ ነው የበቃዎት?"

"ሁሉም።"

ያቺን "ሁሉም" ስሰማ ደነገጥኩ። መጋረጃው ታየኝ። "ይተዉት ለኔ፣ ቀለሁን እኔ እለያለሁ" አልኩ። ምን እንደምወስድባቸው አላወቅኩም ነበር።

እኔ አገር ቤት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ትምህርት እንደገና የጀመርኩት እዚህ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ከዚያ ኮሌጅ ገባሁ፤ በአርባ አምስት ዓመቴ የልኬት ሰርተፊኬት ያዝኩ። ዛሬ ሳን ሆዜ ውስጥ ለሕክምና መሣሪያ ጥቃቅን ብረት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ የብረቱን ልክ የምቆጣጠር ኢንስፔክተር ነኝ። ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት ወጥቼ በባቡር እሄዳለሁ፤ በባቡር ላይ አነባለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለጽሑፍ ያለው እምነት ከልክ ያልፋል። የመድኃኒት ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሳሙና ካርቶን ጀርባ፣ ምንም ሳይነበብ አይቀርብኝም። ጋሼ ለዚህ ነው "የኔታ" እያሉ የሚቀልዱብኝ።

"ጋሼ፣ ቂጡ ላይ እኮ ተጽፏል" አልኳቸው አንዱን ቀለህ ወደ ብርሃን አዙሬ።

"ምን ተብሎ?"

"የፋብሪካው ፊደል። አንድ ፋብሪካ አንድ ልክ ነው የሚሠራው። በፊደሉ ከተለየ አለቀ። መነቅነቁ ምን ይረባል?"

"እጄ ያውቀዋል።"

"እጅ ይሳሳታል። የተጻፈ የተጻፈ ነው።"

"እሺ የኔታ! እርስዎ ካሉ እኛ ማን ነን?" አሉና እጅ ነሱኝ። ሳቅን። የጨረቃዎቹን ሣጥን ወደኔ ገፉት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አላረፍኩም። በአላሜዳ የምትኖረው የጋሼ ልጅ ነርስ ናት፤ ባልዲውን ከበር ውጭ ያስወጣችው እሷ ነች። "አንቲ፣ ኢት ሃዝ ሌድ! ኪችን ውስጥ ኖ!" ብላ፣ እርሳሱ እንዳይመርዘኝ ጓንት አምጥታልኛለች። ከሐበሻ ሱቅ አዲስ ሰፌድ ገዛሁ፣ ጠርዙ ላይ በማርከር "ለምግብ አይደለም" ብዬ በሁለት ቋንቋ ጻፍኩበት። ጓሮ ተቀምጬ ቀለሁን እንደ ምስር ዘርግቼ በፊደል በፊደሉ ለቀምኩ። ማሰሮ አሰለፍኩ፣ በየማሰሮው ላይ ስም ለጠፍኩ። ጨረቃዎቹን ሥራ ቦታ ወስጄ፣ በምሳ ሰዓቴ፣ አለቃዬን አስፈቅጄ ለልኬት የምንጠቀምበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ አጋድሜ ለካሁ። አጠገቤ የምትሠራ ቬትናማዊት አንዷን አንስታ ጆሮዋ ላይ ይዛ "ሌላኛዋስ የታለች?" አለችኝ፤ ጉትቻ መስሏት ነው። እውነቱን ስነግራት ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ማሰሮዎቹን ወደ ፖስተኛው ጋራዥ በጋሪ ወሰድኩለት። ከየማሰሮው ለውድድሩ የሚበቃውን ሞልቶ ከቀሪው ባዶ ጋር ሲመልስልኝ፣ የሞላውን እያንዳንዱን ፊደል በመረጥኩለት ጨረቃ ላይ ሰክቼ አንድም ሳላስነቀንቅ ለጋሼ አስረከብኳቸው።

ቅዳሜ መጣ። እኔ ነኝ ይዣቸው የሄድኩት። እሳቸው ገቡ፣ እኔ መኪና ውስጥ መጽሐፍ ከፈትኩ። ድምፁ ቢርቅም ይሰማል። ገጹን አገላብጣለሁ፣ እመልሳለሁ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳይጠበቅ የመኪናው በር ተከፈተ።

"እንሂድ።"

"አለቀ?"

"አላለቀም።"

"ምነው ጋሼ?"

"ተያዘ። አንዱ ዙር በሰላም ሄደ፣ ሁለተኛው ላይ ላላ፣ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ተያዘ።" ቀበቷቸውን አሰሩ። "ደግ ሠርተሻል እህቴ፣ ለፍተሻል። እንሂድ።"

ሃይዌዩን ይዘን ቤት እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተናገሩም። የኔታ ብለው ቢቀልዱብኝ፣ ቢቆጡኝ፣ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት መጋረጃው ተዘጋ። ምሳ ሰዓት ላይ ስደውል "በላሁ" ነው መልሱ። እሑድ ልጃቸው መጣች። ከመጀመሪያውም ሽጉጡን አትወደውም፤ አማርኛው ይገባታል፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

"ዳድ፣ ጀስት ሴል ኢት። ፕሊስ።"

"እሺ" አሉ ጋሼ።

እሷ ሊሸጡት ነው ብላ ደስ ብሏት ጉንጫቸውን ሳመች። እኔ ግን ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ጋሼ በሕይወታቸው ለልጃቸው በአንድ አፍ እሺ ብለው አያውቁም። ስለ መኪና ጎማ ቢሆን እንኳ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። ይህቺ እሺ የተረታ ሰው እሺ ነበረች።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ከሥራ ቀረሁ። ከሁሉም የሚበዛውን ማሰሮ፣ ሁሉም አንድ ፊደል ያላቸውን፣ ሰፌዱ ላይ ገለበጥኩና የእያንዳንዱን ቦይ በስስ የመለኪያ ቅጠሎች ለካሁ። አምስተኛው ላይ ቅጠሉ ልል አለ። ዘጠነኛው ላይ አልገባ አለ። አንድ ፊደል፣ አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ዓይነት ቦይ። ሌላ ማሰሮ ገለበጥኩ፤ ያው ነው። ልዩነቱ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ለሲሊንደሩ ግን ይበቃዋል።

ያፈርኩት ይህን ባለማወቄ አይደለም፤ ማወቄን በመርሳቴ ነው። በየቀኑ ከአንድ ማሽን፣ ከአንድ ንድፍ የወጡ ብረቶችን ነው የምለካው። መቁረጫው ሲዶለዱም፣ ሲቀየር፣ ልኩ ይሸሻል። ከአንድ ቦታ የወጣ ሁሉ አንድ ቢሆን እኔን ማን ይቀጥረኝ ነበር? ጋሼ ግን ቂጡን አላነበቡም፤ ነቅንቀው ሰሙት።

ነገሩን ለፖስተኛው ልነግረው መንገዱን ተሻገርኩ። ጋራዡ ክፍት ነው። ሁሉንም እንደ አዲስ በልኬት እለያለሁ፣ ሁለት ሳምንት ስጠኝ፣ አልኩት። እሱ ማሽኑን ትቶ አየኝ።

"ወንድምሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ምን ሆኑ?"

"ጠዋት ጠዋት እዚህ ነበር የሚውለው። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲነቀንቅ፣ ሲያወራ። አንቺ ማሰሮዎቹን ካመጣሽ ወዲህ አልመጣም። ቅር አሰኝቼው ይሆን?"

"ጋሼ? እዚህ?"

"በየቀኑ።"

እኔ ከቤት የምወጣው በጠዋት ነው፤ ይህን አላውቅም። "ምን ያወሩልህ ነበር?" አልኩት።

"ስለ ሚስቱ ነዋ። እንግሊዝኛ ሲያልቅበት በእናንተ ቋንቋ ይቀጥላል። እኔ ባይገባኝም እሺ እላለሁ።"

ከጋራዡ ወጣሁ። በአጥሩ በኩል ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ከዚያ ጓሮ ገባሁና ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኳቸው። የለየሁትን ሁሉ። እጄ እንቢ እያለኝ ነው። አንዱን ማሰሮ ዘቅዝቄ ግማሹ ሲፈስ መልሼ ቀና አድርጌው ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጨረስኩት። በእጄ ገብቼ አማሰልኩት።

ጋሼ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። ፊደሉ ዋሽቶኛል። ትክክሉ የእርስዎ መንገድ ነበር።"

"ተይው፣ ምንም አይደለም።"

"ቀላቀልኩት።"

"ምኑን?"

"ቀለሁን። ሁሉንም መልሼ ቀላቀልኩት።"

ዞር አሉ። "የለየሽውን?"

"አዎ።"

"ሁለት ሳምንት የለፋሽበትን?"

"አዎ።"

"አንቺ ሴት አብደሻል እንዴ!" ተነሡ። "ልኩን የያዘውን ትተሽ የተበላሸውን ብቻ ማውጣት አይቻልም ነበር? ይሄ ነው ኮሌጅ ያስተማረሽ? ለዚህ ነው ብድር የገባሽው?"

"ብድሩን ከፍያለሁ።"

"ገንዘብሽን ይመልሱልሽ!" እያሉ በነጠላ ጫማ ወደ ጓሮ ወጡ። ባልዲውን አይተው ራሳቸውን ያዙ። "ጉድ! ጉድ! ገንፎ አደረገችው!" ከኋላቸው ቆምኩ። ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ሲል ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆኖኛል? አንዱን አንስተው፣ ጨረቃ ላይ ሰክተው፣ ጆሯቸው ጋ ነቀነቁ።

"ለፍላፊ" አሉ በቁጣ። ወደ አንድ ጥግ ወረወሩት። ሌላ አነሡ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ደወልኩ፤ አላነሱም። ሁለተኛም ደወልኩ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን ዳበስኩ። በሦስተኛው ተነሣ። ከኋላ የማሽን ድምፅ አለ።

"ምንድነው?"

"ምሳ በሉ ልል ነው።"

"ቢዚ ነኝ። በኋላ ኮል አደርግልሻለሁ" ብለው ዘጉት። አላደረጉም።

ስለ መሸጡ ልጃቸው ስትጠይቃቸው "ገና እያሰብኩበት ነው" አሏት። አሁንም ቁርጡ አልታወቀም ነበር። ፖስተኛው ለሚቀጥለው ውድድር ስማቸውን አስመዝግቦላቸዋል፤ እሳቸው ግን "ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ ካልሆነ ይሸጣል" አሉኝ።

ዕለቱ ብርድ ነበር። በዚህ ጊዜ መኪና ውስጥ አልተቀመጥኩም። ጆሮዬን ሸፍኜ፣ የሰጡኝን መነጽር አድርጌ ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። አራት ዙር ነው። ሦስቱን ጨረሱ፤ ቀርፋፋ ናቸው፣ ግን አልተያዘባቸውም። ከአራተኛው በፊት ወደ አጥሩ መጡ። ስድስት ጥይት የተሰካባት ጨረቃ በሁለት ጣታቸው ይዘዋል።

"እስቲ እዪልኝ። ከእጄ ወድቃ ድንጋይ ላይ አረፈች። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል፣ አልሰማ አለኝ።"

"ሌላ የለም?"

"ለዚህ ዙር ሁለት ያስፈልገኛል። ያለኝ ሌላ አንዲትና ይቺ ብቻ ናቸው።"

ከቦርሳዬ የብረት ማስመሪያዬን አውጥቼ ጀርባዋ ላይ አጋደምኩና ወደ ሰማይ አነሣኋት። በአንድ በኩል የብርሃን ክር ታየ፤ በጣም ቀጭን።

"ትንሽ ጎብጣለች፤ ብርሃን ታሳልፋለች" አልኩ።

"ትዞራለች አትዞርም?"

ሥራ ቦታ ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ ቀይ ምልክት አድርጌባት ወደ ውዳቂው እጥላት ነበር። ብጥላት ዙሩን አይጨርሱም፤ ሽጉጡም ይሸጣል። ትሆናለች ብዬ ብትያዝባቸው ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ያሳፈርኳቸው እኔው ነኝ።

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"አላውቅም? አንቺ?"

"አላውቅም።"

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "ይቺን ለፖስተኛው መንገር አለብኝ" አሉና ጨረቃዋን ነጥቀውኝ ሄዱ።

የመጀመሪያዋ ስድስት ሄደች። የተኮሱትን አወጡ፣ ያቺን አስገቡ። እኔ አጥሩን ጨብጬ እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ጸጥ አለ። ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ክንዳቸው ዝቅ አለ፣ ሰዓት ያዡ አንገቱን አሰገገ። ባለፈው የሳቀው ጎልማሳ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ዛሬ አልሳቀም። አጥሩ ጣቴን ቆረጠኝ። አራት። አምስት። ስድስት።

አንድ ሳህን ቆሞ ቀረ። ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጡ።

ሽጉጡን ቦርሳ ውስጥ ከተው፣ ሣጥኑን ጭነው ሲመጡ ገና ከሩቅ ይናገራሉ። "አራተኛዋ ላይ ያዝ አደረገችኝ! በአውራ ጣቴ ገፋኋት፣ ሄደች።"

"አየሁ።"

"ምን አየሽ? ጀርባዬን ነው ያየሽው። የቆመችዋን ሳህን እኮ መትቻታለሁ፣ አልወድቅ ብላ ነው። ደግሞ ያ ሰውዬ፣ አንደኛ የወጣው፣ ቀለሁን አየሁለት፤ ግማሹ ለፍላፊ ነው! ነገርኩት። በሚመጣው ወር ይዤልህ እመጣለሁና ለይልኝ አለኝ።"

"በሚመጣው ወር?"

"ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ሥራ ካለብሽ ፖስተኛው ይወስደኛል።"

መኪናው ውስጥ ገባን። ስለ ብርዱ አወሩ፣ ስለ ሰዓት ያዡ አወሩ፤ ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስዱ እትዬ ቢኖሩ ኖሮ በዚያች ሳህን እንዴት አድርገው ይስቁባቸው እንደነበር፣ ድምፃቸውን እያስመሰሉ ይነግሩኝ ጀመር። ስለ እትዬ ለእኔ ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሞተሩን ባስነሣው ወሬያቸውን የሚያቆሙ መስሎኝ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ መኪናዎች አንድ በአንድ ወጡ።